የዓይን ሌዘር ቀዶ ሕክምና፦ ውሳኔው ከማሽኑ ይቀድማል

በዛሬው የጤና ትምህርት ዝግጅታችን የምንነጋገረው መነጽርና ኮንታክት ሌንስን ለማስቀረት ስለሚደረገው የዓይን ሌዘር ቀዶ ሕክምና ነው። ሰዎች ስለዚህ ሕክምና አብዝተው የሚጠይቁት ሦስት ነገር ነው፤ ያማል ወይ? ስንት ያስከፍላል? የትኛው ማሽን ይሻላል? ሦስቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። ነገር ግን ከሦስቱም የሚቀድም አንድ ጥያቄ አለ፤ እሱም "የእኔ ዓይን ለዚህ ሕክምና ይሆናል ወይ?" የሚለው ነው። ሌዘሩ በአንድ ዓይን ላይ የሚያርፈው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ደቂቃ ለማይሞላ ጊዜ ነው። የሕክምናው ውጤት ማማርና አለማማር ግን በአመዛኙ የሚወሰነው ከዚያ በፊት፣ በምርመራው ቀን ነው። ስለዚህ ወደ ሐኪም ስንሄድ መጀመሪያ መፈለግ ያለብን የተሟላ ምርመራና እውነተኛ መልስ ነው፤ መልሱ "ለእርስዎ አይሆንም" የሚል ቢሆን እንኳ። ይህን የምለው ሰው ከሕክምናው እንዲሸሽ አይደለም። ለሚሆነው ሰው ትልቅ ጥቅም እንዳለው አምናለሁ፤ ያን ጥቅም የሚያስገኘው ግን ጥንቃቄ ያልጎደለው ምርጫ ነው።

ነገሩን ከመሠረቱ እንጀምር። ብርሃን ወደ ዓይን ሲገባ መጀመሪያ የሚያልፈው ጥቁሩን የዓይን ክፍል ከፊት በሸፈነው ጥርት ያለ አካል ነው። ሐኪሞች ኮርኒያ ይሉታል፤ የዓይን ባንክ ከሞት በኋላ የዓይን ብሌናችሁን ለግሱ ሲል የሚጠይቀውም ይህንኑ ነው። ብርሃንን ሰብስቦ በዓይን ጀርባ ባለው ሬቲና ላይ ከሚያሳርፈው ጉልበት ሁለት ሦስተኛ ያህሉ የሚገኘው ከኮርኒያ ነው። የዓይን ኳስ ከልክ በላይ ሲረዝም ምስሉ ሬቲና ላይ ሳይደርስ ይቀርና ሩቁ ይደበዝዛል፤ ሲያጥር ደግሞ ምስሉ ሬቲናውን አልፎ ይወድቃል። ኮርኒያው በአንድ አቅጣጫ ከሌላው ይበልጥ ሲጎብጥ አስቲግማቲዝም የሚባለው የምስል መዛባት ይመጣል። መነጽር ይህን የሚያርመው ከዓይን ውጭ ሌላ ሌንስ በመጨመር ነው። ሌዘር ግን የሚለውጠው የኮርኒያውን ቅርጽ ራሱን ነው፤ ሩቅ ማየት ለሚያስቸግረው ሰው መሃሉን በስሱ ልጦ ጠፍጠፍ ያደርገዋል። ያልተስማማ መነጽር ይቀየራል። ከኮርኒያ መሃል የተነሣው ክፍል ግን ተመልሶ አይተካም። ምርመራው ይቅደም የምለውም ከሁሉ በላይ በዚህ ምክንያት ነው።

የዚህ ሕክምና መሠረት የተጣለው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1981 ነው፤ ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም በዚያው አቆጣጠር ናቸው። በኒው ዮርክ ግዛት በሚገኘው የአይ ቢ ኤም የምርምር ማዕከል ይሠሩ የነበሩት ራንጋስዋሚ ስሪኒቫሳን፣ ጄምስ ዋይን እና ሳሙኤል ብለም ኤክሳይመር የተባለው ሌዘር ዙሪያውን ሳያቃጥል የእንስሳ አካልን እጅግ በስሱ መላጥ እንደሚችል አዩ። በዓይን የማይታየው የዚህ ሌዘር ጨረር በአንድ ምት የሚያነሣው የማይክሮንን ሩብ ያህል ነው፤ ማይክሮን ደግሞ የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው። የዓይን ሐኪሙ ስቲቨን ትሮክል በ1983 ጨረሩ ለኮርኒያ እንደሚያገለግል አሳዩ፤ በ1988 ደግሞ ዶክተር ማርጌሪት ማክዶናልድ በሚያይ የሰው ዓይን ላይ አዋሉት። ዛሬ ሦስት ዋና ዋና ዘዴዎች አሉ። ፒ አር ኬ በሚባለው የኮርኒያው የላይኛው ስስ ቆዳ ይነሣና ሌዘሩ በቀጥታ ከሥሩ ያርፋል፤ ቆዳው በጥቂት ቀናት ውስጥ ተመልሶ ይሸፍነዋል። በላሲክ ከኮርኒያው ስስ ክዳን ይቆረጥና ይገለጣል፤ ሌዘሩ ከሥር ከሠራ በኋላ ክዳኑ ወደ ቦታው ይመለሳል። ስማይል በተባለው ዘዴ ደግሞ ሌላ ዓይነት ሌዘር በኮርኒያው ውስጥ ስስ ቁራጭ ይለይና ቁራጩ በትንሽ ቀዳዳ ይወጣል።

ሦስቱም ከኮርኒያው ላይ ይቀንሳሉ፤ ስለዚህ ምን ያህል እንደሚቀነስና ምን ያህል እንደሚቀር ማስላት ግዴታ ነው። የአዋቂ ሰው ኮርኒያ ውፍረት መሃሉ ላይ 540 ማይክሮን አካባቢ ነው፤ ግማሽ ሚሊሜትር ብትሉት ትጠጋላችሁ። ለምሳሌ ኮርኒያው 550 ማይክሮን የሆነና 4 ዳዮፕተር (ዳዮፕተር የመነጽር ቁጥር መለኪያ ነው) የሩቅ ዕይታ ችግር ያለበትን ሰው እንውሰድ። ለላሲክ የሚቆረጠው ክዳን 110 ማይክሮን ይሁን፤ ሌዘሩ ለእያንዳንዱ ዳዮፕተር ወደ 14 ማይክሮን ያነሣል ብንል በጠቅላላው 56 ይሆናል። ከክዳኑ ሥር የሚቀረው 384 ማይክሮን ነው፤ ጥሩ መጠን ነው። አሁን ደግሞ ኮርኒያው 490 ማይክሮን የሆነና 8 ዳዮፕተር ያለበትን ሌላ ሰው እንይ። ክዳኑ ያው 110፣ ሌዘሩ የሚያነሣው 112፣ የሚቀረው 268 ይሆናል። ለረጅም ጊዜ እንደ ዝቅተኛ ወሰን ሲያገለግል ከኖረው 250 ማይክሮን በላይ ስለሆነ ያልፋል የሚል ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ክዳኑና የሚላጠው ተደምረው 222 ማይክሮን ይሆናሉ፤ ይህም ከኮርኒያው ውፍረት 45 በመቶ ነው። ከ40 በመቶ ሲያልፍ ኮርኒያው ጉልበቱ ሊላላ ስለሚችል ጥንቁቅ ሐኪም ለዚህ ሰው ላሲክ አይመርጥም። ክዳን የማይቆረጥበትን ፒ አር ኬን ወይም ኮርኒያውን ሳይነኩ በዓይን ውስጥ የሚቀመጥ ሌንስን ያማክረዋል፤ ካልሆነም መነጽሩን ይዞ እንዲቆይ ይነግረዋል። ሁለቱም ሰዎች ቢታከሙ የሚታከሙት በአንድ ማሽን፣ በአንድ ሐኪም እጅ ነው። ልዩነቱን ያመጣው ልኬቱ ነው።

ውፍረት ብቻውንም አይበቃም፤ ቅርጹም መታየት አለበት። ኬራቶኮነስ በሚባለው ሕመም ኮርኒያው ቀስ በቀስ እየሳሳ ወደ ፊት ይሾላል። በመጀመሪያ ደረጃ ላይ ያለ ሰው በመነጽር ጥሩ ያያል፤ ሕመም አይሰማውም፤ በተራ ምርመራም ላይገኝ ይችላል። እንዲህ ያለውን ኮርኒያ በሌዘር ማሳሳት በሽታውን ማባባስ ነው፤ ከቀዶ ሕክምናው ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ኮርኒያው ወደ ፊት ይገፋና በመነጽር የማይስተካከል ዕይታ ያስከትላል። በላሲክ ከታከሙት ይህ የሚገጥማቸው ከመቶ አንድ እንኳ አይሞሉም፤ ለደረሰበት ሰው ግን ከባድ ነው። ለዚህ ነው ከሌዘር በፊት የኮርኒያው የፊትም የጀርባም ገጽ በኮምፒውተር ካርታ የሚነሣው። ካርታው የጎበጠውን በቀይና በብርቱካን፣ ጠፍጣፋውን በሰማያዊ ቀለም ያሳያል፤ ከመሃል ዝቅ ብሎ በአንድ ወገን የቀላ ቦታ ከታየ ሐኪሙ ቆም ብሎ ያስባል። ይህ ጉዳይ በተለይ የእኛን ሀገር አድማጭ ይመለከታል። ሞቃትና አቧራማ በሆኑ አካባቢዎች በልጅነት የሚጀምር፣ ዓይንን አጥብቆ የሚያሳክክ አለርጂ በብዛት ይታያል፤ ዓይንን ደጋግሞ ማሸት ደግሞ ከኬራቶኮነስ ጋር የታወቀ ግንኙነት አለው። በልጅነቱ ዓይኑን ሲያሽ ያደገ፣ የመነጽሩ ቁጥር በየዓመቱ የሚለዋወጥ፣ አስቲግማቲዝሙ እየጨመረ የሚሄድ ሰው ይህን ሳይደብቅ ለሐኪሙ መንገር አለበት።

"ዛሬ ጥሩ ካየሁ የነገው ምን ያስጨንቀኛል?" የሚል ሰው ካለ ታሪኩን ይመልከት። ከሌዘር በፊት የነበሩት የኮርኒያ ቀዶ ሕክምናዎች በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚያስደስት ውጤት አሳይተዋል። ጃፓናዊው ሐኪም ሳቶ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን አካባቢ ኮርኒያን ከውስጥ በኩል በመሰንጠቅ የሩቅ ዕይታን ለማረም ሞከሩ፤ ብዙዎቹ የታከሙ ዓይኖች ከዓመታት በኋላ የውስጠኛው የኮርኒያ ሽፋን ተጎድቶ ደፈረሱ። በ1970ዎቹ ሩሲያዊው ስቪያቶስላቭ ፊዮዶሮቭ ከውጭ በኩል ብቻ መሰንጠቅን አስፋፉ፤ ዘዴው ወደ አሜሪካ ተሻግሮ ለብዙ ሰው ተደረገ። እዚያው አሜሪካ ታካሚዎቹን ለአሥር ዓመት የተከታተለ ጥናት ግን ከታከሙት ዓይኖች 43 በመቶው አንድ ዳዮፕተርና ከዚያ በላይ ወደ ተቃራኒው ችግር እንደተንሸራተቱ አሳየ። ሌዘር ከእነዚህ እጅግ የተሻለ ነው፤ ሦስት ዐሥርት ዓመታት የዘለቀ ክትትልም አለው። ያም ሆኖ ታሪኩ የሚያስተምረን ኮርኒያን የሚነካ ሕክምና የሚመዘነው በማግስቱ በሚነበበው የፊደል ሰሌዳ ብቻ እንዳልሆነ ነው። ዓይን ዕድሜ ልክ የሚያገለግል ስለሆነ ውሳኔውም ለዕድሜ ልክ የሚሆን መሆን አለበት።

ምርመራው ሌሎች ነገሮችንም ያያል። በአሜሪካ ከ18 ዓመት በታች ለሆነ ሰው የተፈቀደ የላሲክ ሌዘር የለም፤ የመነጽሩ ቁጥርም ቢያንስ ባለፈው አንድ ዓመት የጸና መሆን አለበት። እርጉዝ ወይም የምታጠባ እናት ትቆይ ይባላል፤ በሆርሞን ምክንያት ቁጥሩ ሊለዋወጥ ይችላልና። ያልተስተካከለ የስኳር በሽታ፣ የሰውነት መከላከያ ራሱን የሚያጠቃበት ሕመም፣ በዓይን ላይ የወጣ ሄርፒስ ሁሉ መነገር አለባቸው። ኮንታክት ሌንስ የኮርኒያውን ቅርጽ ስለሚጫነው ለስላሳው ከምርመራው ሁለት ሳምንት፣ ጠንካራው ደግሞ ከዚያ በላይ ቀድሞ መውለቅ ይኖርበታል፤ አለበለዚያ ልኬቱ የሌንሱን ጫና እንጂ የዓይኑን እውነተኛ ቅርጽ አይነግርም። ሌዘሩ የኮርኒያን ነርቮች ስለሚቆርጥ ዓይን ለወራት ሊደርቅ ይችላል፤ አስቀድሞ የደረቀ ዓይን ደግሞ ይብስበታል። በዓለም ላይ የትራኮማ ሸክም ከሁሉ የከበደባት ሀገር ኢትዮጵያ ናት፤ ትራኮማ የተወው ጠባሳ የእንባን መጠንና ጥራት ይቀንሳል። ስለዚህ ትራኮማ በነበረበት አካባቢ ያደገ ሰው የላይኛው ቆብ ተገልብጦ እንዲታይለት መጠየቁ ብልህነት ነው። ዕድሜያቸው 40 ዓመት የተጠጋ አድማጮች ደግሞ አንድ ነገር ይወቁ፤ በዕድሜ የሚመጣው የንባብ መነጽር ችግር የሚነሣው ከውስጠኛው ሌንስ ነውና ሩቁን በሌዘር ያስተካከለ ሰውም የንባብ መነጽር ያስፈልገዋል።

ምርመራው ይቅደም በማለቴ ላይ የሚነሣው የመጀመሪያው ተቃውሞ "በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው ተሠርቶ ደስ ብሎታል፤ ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን?" የሚል ነው። ደስታው እውነት ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ከብሔራዊ የዓይን ኢንስቲትዩትና ከመከላከያ ሚኒስቴር ጋር ባካሄደው ጥናት ላሲክ ከተደረገላቸው ከ95 በመቶ በላይ የሚሆኑት በዕይታቸው ረክተዋል። የጠፈር ድርጅቱ ናሳም ለጠፈር ተጓዥነት የሚወዳደሩ ሰዎች በሌዘር መታከማቸውን በ2007 ተቀብሎታል። ይሁን እንጂ በዚያው ጥናት ከሕክምናው በፊት ምንም የዕይታ መዛባት ምልክት ካልነበራቸው መካከል እስከ 46 በመቶ የሚሆኑት በሦስተኛው ወር ቢያንስ አንድ አዲስ ነገር ማየታቸውን ተናግረዋል፤ በመብራት ዙሪያ ክብ ጨረር፣ የብርሃን መበተን ወይም ድርብ ምስል ማለት ነው። የዓይን ድርቀት ካልነበረባቸው ደግሞ እስከ 30 በመቶው ድርቀት ጀምሯቸዋል። በሌላ በኩል ከሕክምናው በፊት በመነጽራቸው እንዲህ ያለ ችግር የነበረባቸው ብዙዎች ቀንሶላቸዋል፤ የዕለት ሥራቸው ክፉኛ የተሰናከለባቸውም ከመቶ አንድ አይሞሉም። እነዚህ ቁጥሮች እርስ በርስ አይጣረሱም፤ አንድ ላይ መነበብ አለባቸው። ጥናቱ የተደረገው ለሕክምናው ይሆናሉ ተብለው በተመረጡ ሰዎች ላይ ነው፤ 95 በመቶው የረካው ማንም እየመጣ ስለተሠራ አይደለም። ማታ ማታ መኪና የሚያሽከረክር ሰው ደግሞ ስለ መብራቱ ጨረር አስቀድሞ አውቆ መወሰን አለበት።

ሁለተኛው ተቃውሞ "ያ የድሮ ማሽን ነው፤ አዲሱ ሁሉንም ፈትቷል" የሚል ነው። አዳዲሶቹ ማሽኖች በእርግጥ የተሻሉ ናቸው፤ የዓይንን እንቅስቃሴ ይከተላሉ፤ ክዳኑን ከምላጭ ይልቅ በሌዘር ይቆርጣሉ፤ ስማይል ደግሞ ክዳን ስለሌለው የሚቆረጡት ነርቮች ያነሱ ናቸው። ሆኖም የትኛውም ማሽን የሳሳውን ኮርኒያ አያወፍርም። ማሽን የታዘዘውን በትክክል ይሠራል፤ ትዕዛዙ ልክ መሆኑን የሚያረጋግጠው ምርመራው ነው። አሥር ጊዜ ለክተህ አንድ ጊዜ ቁረጥ የሚለው የአባቶች ምክር እንደዚህ የሚስማማው ሌላ ሥራ ማግኘት ይከብዳል። በተቃራኒው ወገን ያሉት ደግሞ "መነጽር እያለ ጤነኛ ዓይን መቁረጥ ቅንጦት ነው" ይላሉ። በዚህም አልስማማም። ኮንታክት ሌንስ አድርጎ ማደር ለከባድ የኮርኒያ ኢንፌክሽን ያጋልጣል፤ መነጽር የማይፈቅድ ሥራና ስፖርት አለ፤ ከፍተኛ ቁጥር ላለበት ሰው መነጽሩ ከተሰበረ ቀኑ ይቆማል። ይህን ለማስቀረት መፈለግ ተገቢ ፍላጎት ነው። የምጠይቀው ፍላጎቱ ከዓይኑ አቅም ጋር እንዲመዘን ብቻ ነው።

መልሱ "ይሆናል" ከሆነ በቀኑ የሚሆነውን ማወቅ ፍርሃትን ያቀላል። የሚያደነዝዝ ጠብታ ይደረጋል፤ ዓይን እንዳይጨፈን የሚይዝ ትንሽ መሣሪያ በቆቦቹ መካከል ይገባል። በላሲክ ክዳኑ ሲቆረጥ ዓይንን የሚስብ ቀለበት ይደረግና የመጫን ስሜት ይሰማል፤ ለጥቂት ሰከንዶችም ዕይታ ይጨልማል። ከዚያ የምታዩት የሚበራ ነጥብ ነው፤ እሱን ብቻ ተመልከቱ ትባላላችሁ። ሌዘሩ ጠቅ ጠቅ ይላል፤ የተቃጠለ ፀጉር የሚመስል ሽታም ሊኖር ይችላል። በማግስቱ ሐኪሙ ያያችኋል። ፒ አር ኬ ከሆነ ለጥቂት ቀናት መከላከያ ሌንስ ይደረጋል፤ ሕመሙ ይበረታል፤ ዕይታውም ለመጥራት ሳምንታት ይወስዳል። ዓይንን አለማሸት፣ ማታ መሸፈኛ ማድረግ፣ የታዘዘውን ጠብታ ሰዓቱን ጠብቆ መጨመር፣ ከዋና መራቅ የግድ ነው። እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍታ ላይ ፀሐይ ስለምትበረታ በተለይ ከፒ አር ኬ በኋላ ጥሩ የፀሐይ መነጽር ያስፈልጋል፤ ጨረሩ በኮርኒያው ላይ ጉም መሰል ጠባሳ ሊያመጣ ይችላልና።

ለሕክምና ወደ ሕንድ፣ ወደ ዱባይ ወይም ወደ ቱርክ ለሚሄዱና በውጭ ሀገር ለሚኖሩ ወገኖቻችን ደግሞ አንድ ምክር አለኝ። በአንድ ሳምንት ጉዞ ውስጥ ምርመራውንም ቀዶ ሕክምናውንም ለመጨረስ መቻኮል ውሳኔውን ከእጃችሁ ያወጣዋል፤ ትኬት ተቆርጦ፣ ገንዘብ ተከፍሎ "አይሆንም" መባልን መቀበል ይከብዳልና። የሚቻላችሁን ምርመራ እዚያው በምትኖሩበት አድርጋችሁ፣ ኮንታክት ሌንሳችሁን በጊዜ አውልቃችሁ ሂዱ። ስትመለሱ የሚከታተላችሁን ሐኪም አስቀድማችሁ ያዙ፤ ለሳምንታት የሚወሰደው የስቴሮይድ ጠብታ የዓይን ግፊት ሊጨምር ስለሚችል ግፊቱ መለካት አለበት። ከሕክምናው በፊትና በኋላ የተለካውን ሁሉ የያዘውን ወረቀትም ዕድሜ ልካችሁን አስቀምጡት። ሌዘር ያሳሳው ኮርኒያ የዓይን ግፊትን ዝቅ አድርጎ ስለሚያሳይ ግላኮማ የተባለው የዓይን በሽታ ሊደበቅ ይችላል፤ በእርጅና የዓይን ሞራ ሲወጣም የሚተካው ሌንስ በትክክል የሚሰላው በዚያ መረጃ እገዛ ነው። ሌዘር የረዘመውን የዓይን ኳስ አያሳጥርም፤ ስለዚህ ከፍተኛ ቁጥር የነበረው ሰው መነጽሩን ቢጥልም የሬቲና ምርመራውን መቀጠል አለበት።

እንግዲህ አድማጮች፣ ከመፈረማችሁ በፊት ሐኪማችሁን እነዚህን ጠይቁ፤ ኮርኒያዬ ስንት ማይክሮን ነው? ስንት ይነሣል? ስንት ይቀራል? ካርታውን ያሳዩኝ፤ ቅርጹ ጤነኛ ነው? እንባዬ ይበቃል? ከሦስቱ ዘዴዎች ለእኔ ይህ የተመረጠው ለምንድን ነው? ችግር ቢመጣ የሚከታተለኝ ማን ነው? እነዚህን በትዕግሥት የሚመልስ ሐኪም ካገኛችሁ በእምነት ተከተሉት። "ለእርስዎ አይሆንም" ካላችሁም ምክንያቱን በጽሑፍ ተቀብላችሁ፣ ከፈለጋችሁ ሌላ ሐኪም ያው ምርመራ ላይ አስተያየቱን እንዲሰጣችሁ አድርጉ፤ እሺ የሚል እስክታገኙ ድረስ ግን ከክሊኒክ ክሊኒክ አትዙሩ። "አይሆንም" ያላችሁ ሐኪም ገቢውን ትቶ ዓይናችሁን ጠብቆላችኋል።